መንገዱ ቢበራስ… መንገደኛውን ማን ያየዋል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በስልኩ ላይ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ጥቁር አስፋልት፣ ድቅድቅ ጨለማ፣ አንድም የመብራት ምሰሶ የለም። የመንገዱ መስመሮች ግን ራሳቸው አረንጓዴ እያበሩ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። «ይሄ ነገር አገራችን ቢገባ እኮ የሌሊት አደጋ የሚባል ነገር ይቀር ነበር!» አለኝ። ፎቶው ያምራል፣ አልካድኩም። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «መቲ ሄደህ ታውቃለህ?»

«መቲ ደግሞ የት ነው?» አለኝ። የዛሬው ጨዋታችን እዚህ ላይ ይጀምራል።

ቡናና ማር ያለበት ጫካ

መቲ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ ናት። ጋምቤላ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የባሮ ወንዝ፣ ሙቀትና ሜዳ ነው። መቲ ግን ሌላ ዓለም ናት። ደን፣ ዳገት፣ ዝናብ፣ ቡና፣ ማር። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ወይ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አድርጎ፣ ወይ ደግሞ በበደሌ፣ በመቱ፣ በጎሬና በማሻ አድርጎ ቴፒ ይገባል። እስከ ቴፒ ብቻ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ከቴፒ ነው እንግዲህ ወደ መቲ የሚኬደው።

የማጃንግ ሕዝብ ከጫካው ጋር የኖረ ሕዝብ ነው። ቀፎውን ከረጃጅም ዛፎች ላይ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል፤ ከዛፉ ሥር ቡና ይለቅማል። ደኑንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ከደጋው አገር መጥቶ የሰፈረውም ሕዝብ ጥቂት አይደለም። ገበያ ቆማችሁ ብታዳምጡ ስንት ዓይነት ቋንቋ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል!

ታዲያ ይሄ ሁሉ ደን ቀን ቀን ዓይን ያጠግባል። ማታ ግን መንገዱን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ይይዘዋል። ጨረቃ ብትኖር እንኳ ቅጠሉ ብርሃኗን አያሳልፍም። ጨለማ ማለት ምን እንደሆነ የከተማ ሰው የሚያውቀው እዚያ ሲደርስ ነው።

ሲመሽብን

የሄድኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡና ለቀማ ወቅት፣ በኅዳር ነበር። ቴፒ ላይ መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ ጊዜው ሄደ። በኅዳር ፀሐይ በዚያ አካባቢ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተሩብ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አሁን ታየ ያላችሁት ዛፍ ወዲያው ይጠፋችኋል።

ሾፌሩ ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። እኔ ጋቢና ነበርኩ። ሲመሽ ፍርሃቴን ለመደበቅ ብዬ ወሬ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ይሄን መንገድ በጨለማ እንዴት ነው የሚያውቁት?»

«አላውቀውም ልጄ» አሉኝ። «ስለማላውቀው ነው ቀስ የምለው።»

ያን ምሽት መንገዱ ላይ ያገኘነውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ በኋላ ሒሳብ እንሠራበታለን።

መጀመሪያ ያገኘነው ቅጠል ነው። መሐል መንገድ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተጥሏል። ጋሼ ወዲያው ፍሬን ያዙ። ጥቂት ሄድ ብሎ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። የኋላ መብራት የለው፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የለው፣ ከላይ እስከ ታች አቧራና ጭቃ ለብሶ ከመንገዱ ጋር አንድ ዓይነት ሆኗል። ረዳቱ ከሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታል! እግሩ ወደ መንገዱ ወጥቷል።

ሁለተኛው ድንጋይ ነው። አንዱ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ታኮ አድርጎ፣ ሥራውን ሲጨርስ ድንጋዩን እዚያው ጥሎት ሄዷል። የእንጀራ ምጣድ ማስቀመጫ የሚያህል ድንጋይ! ጋሼ ቆመው ረዳታቸውን አስወርደው ወደ ዳር አስገፉት። «ይሄ የሰው ጎማ ብቻ አይደለም የሚበላው» አሉ።

ሦስተኛው ሰው ነው። ከለቀማ የሚመለሱ ሴቶችና ልጆች፣ ጭነታቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን በመስመር ይሄዳሉ። ልብሳቸው ጠቆር ያለ ነው። ያየናቸው አጠገባቸው ስንደርስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከነሱ ፊት አንድ ጎረምሳ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ነበር፤ የሚገርመው እሱን ነበር ከሩቅ ያየነው።

አራተኛው አንድ ዓይና መኪና ነው። ከፊታችን አንድ መብራት ብቻ ይመጣል። ሞተር ነው አልኩ እኔ። ጋሼ ግን ወደ ቀኝ ጥግ ያዙ። ሲደርስ የግራ መብራቱ የተቃጠለ አይሱዙ ሆኖ አረፈው! ሞተር ነው ብለን መሐሉን ብንይዝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

አምስተኛው ረጅም መብራት ነው። ከፊት የመጣው ሚኒባስ መብራቱን አልቀነሰም። ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ጋሼ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ጣሉ፤ መኪናው እስኪያልፍ እንደዚያው ቆዩ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይሄ ነው። መስመሩ የሚያበራ ቢሆን ከአምስቱ ስንቱን ያሳየን ነበር? ለሐቁ ለአምስተኛው በደንብ ይረዳ ነበር። በሰው መብራት የታወረ ሾፌር የሚይዘው የመንገድ ጠርዝ ያገኝ ነበር። ጥምዝ ሲመጣም ቀድሞ ያሳውቃል። የቀሩት አራቱን ግን ምንም አያሳይም። ረዳቱም፣ ድንጋዩም፣ ሴቶቹም፣ አንድ ዓይናውም እዚያው ጨለማቸው ውስጥ ይቀራሉ።

የሞከሩት ምን አገኙ?

ይሄ ነገር ወሬ ብቻ አይደለም፣ ተሞክሯል። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ2014 ኦስ በምትባል ከተማ አጠገብ 500 ሜትር መንገድ በሚያበራ ቀለም አሰመሩ። ቀን ብርሃን ጠጥቶ ማታ እስከ 8 ሰዓት ያህል ያበራል ተብሎ ነበር። ዓለም ጉድ አለ፣ ፎቶው ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ዝናብና እርጥበት ብርሃኑን አደከመውና ሙከራው ተቋረጠ።

ማሌዥያዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰመኒ በሚባል አካባቢ የመብራት ምሰሶ በሌለበት መንገድ ላይ 245 ሜትር ሞከሩት። ሕዝቡ ወደደው። ዋጋው ግን ጉድ ነው! ተራው የመንገድ ቀለም በካሬ ሜትር 40 ሪንጊት ሲሆን የሚያበራው 749 ሪንጊት ሆነ፤ ወደ 19 እጥፍ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥታቸው ዋጋው አልተቻለም ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ማስፋፋቱን ተወው።

የቀለሙ ጠባይ የድሮውን የእጅ ሰዓት ይመስላል። ጣቶቹ በጨለማ አረንጓዴ የሚያበሩትን ሰዓት ታስታውሳላችሁ አይደል? ብርሃን አስጠግታችሁት ወዲያው ስታዩት ደምቆ ይበራል፤ ሌሊት ስትነቁ ግን ፈዞ ታገኙታላችሁ። የመንገዱም ቀለም ቀን ብርሃን ይጠጣል፣ ማታ መጀመሪያ ላይ ይደምቃል፣ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ይፈዛል። እንግዲህ ይሄን ወደ መቲ አምጡት። ቀኑን ሙሉ የዛፍ ጥላ ያረፈበት መንገድ ምን ያህል ብርሃን ይጠጣል? ዝናቡ ብዙውን የዓመቱን ወራት ይዘንባል። ጭቃ የጫነ ጎማ በላዩ ላይ ሲመላለስበትስ? ደግሞም ቀለም የሚቀባው አስፋልት ላይ ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ያለፍንበት ጠጠር መንገድ ላይ ማን ያሰምራል?

ከዚያ ይልቅ የቆየውና ርካሹ ዘዴ ይሻላል። ተራው ነጭ መስመር ውስጥ እንደ አሸዋ ያነሱ የመስታወት ዶቃዎች ይነሰነሳሉ። የመኪናው መብራት ሲያርፍባቸው ብርሃኑን መልሰው ወደ ሾፌሩ ዓይን ይልካሉ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ስለሚሸፍናቸው ይደክማሉ። ለዚያ ደግሞ «የድመት ዓይን» የሚባለው አለ፤ አስፋልቱ ላይ ከፍ ብሎ የሚተከል አንጸባራቂ ነው። ፐርሲ ሾው የሚባል የዮርክሸር እንግሊዛዊ በ1930ዎቹ የፈጠረው ነው። እነዚህ ሁሉ የራሳቸው ብርሃን የላቸውም። ሥራቸው የመኪናውን መብራት መልሶ መላክ ነው። ስለዚህ መብራቱ ከቆሸሸ ወይም ከተቃጠለ ምንም አይሠሩም።

ያየ ሁሉ አይዘገይም

አሁን የምነግራችሁ ይገርማችኋል። ፊንላንዶች በጠባብና ጥምዝ በበዛባቸው መንገዶች ዳር አንጸባራቂ ያለባቸው ምሰሶዎች ተክለው ምን እንደመጣ አጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የሌሊት አደጋ ቀንሷል ሳይሆን ጨምሯል የሚል ሆነ! ምክንያቱ ቀላል ነው። መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ከሩቅ የታየው ሾፌር ፍጥነቱን ጨመረ። መንገዱ ግን ያው የድሮው ጠባብ መንገድ ነው።

ጋሼ የፊንላንድን ጥናት አላነበቡም። ግን ያን ምሽት እንዲህ ብለውኛል፦ «አስፋልት ላይ ነጩ መስመር ከፊቴ ሲመጣልኝ ልጄ፣ እግሬ ራሱ ነዳጅ ይረግጣል። እዚህ ግን የማይታየኝን አልሮጥበትም።»

መስመር አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ በቦታው ሲሆን በጣም ይጠቅማል። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ውሰዱ። ሂያጅና መጪው ተለያይቷል፣ ዳሩ ታጥሯል፣ እግረኛና ከብት አይገባበትም። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሾፌሩ በዋናነት ማወቅ የሚፈልገው መስመሩን ነው። የመቲ መንገድ ግን የመኪና ብቻ አይደለም። የገበያ መንገድ ነው፣ የለቅሶ መንገድ ነው፣ የትምህርት ቤት መንገድ ነው። መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚበራው ደግሞ ለመኪናው ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ቁጥሩን እንየው። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ተኩል ብንሰጠው 25 ሜትር አልፏል፤ ገና ፍሬን ሳይዝ! ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ 45 ሜትር። በአጭር መብራት ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ ሰው የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ 30 ሜትር ገደማ ሲቀር ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። በ40 ከሄደ ግን ደረቅ አስፋልት ላይ በ27 ሜትር ገደማ ይቆማል። ጠጠርና ጭቃ ከሆነ ከዚያም በታች መውረድ አለበት። የሰው ሕይወት ያለው በ30ና በ45 ሜትር መካከል ነው፤ እዚያች ውስጥ።

«ሌሊት አትሂዱ» ማለት ቀላል ነው

ሌሊት አለመንዳት ነዋ መፍትሔው! የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲመሽ አድሮ ንጋት ላይ መነሳቱ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ጥሩ ልማድም ነው። ግን ምጥ ሰዓት አይጠብቅም።

መቲ ላይ ያረፍኩባቸው እናት እያፈሉ ያጫወቱኝን ልንገራችሁ። የልጃቸው ሚስት ምጥ የያዛት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ደም በዛ። ወደ ሚዛን ትሂድ ተባለ። መኪና ተለመነ፣ ተገኘ። «ባሏ ፍጠን ይለዋል፣ እኔ ቀስ በል እለዋለሁ» አሉኝ። «ሾፌሩ የሰማው እኔን ነው። ቀን ከሚወስደው ጊዜ እጥፍ ወሰደብን። ግን ደረስን።» ልጁን አየሁት፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ያባርራል።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጎረቤታቸውን ነገር ነገሩኝ። የጎረቤታቸው ልጅ፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ በመሸ ሰዓት መኪና ገጨው። ሾፌሩ አልሸሸም፤ ራሱ ተሸክሞት መጣ። እናቲቱ ፊት ቆሞ «አላየሁትም፣ እናቴ፣ እግዚአብሔርን አላየሁትም» እያለ ያለቅስ ነበር አሉ። ማንም አልዋሸም አላለውም። እውነቱን ነው፣ አላየውም። ልጁ ግን አልተረፈም።

መስመሩ ቢበራ ኖሮ ያየው ነበር? እስቲ እናንተው ፍረዱ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ሾፌሮች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዴ ቁሙ። የፊትና የኋላ መብራቱን፣ የፊት መስታወቱን በውሃና በጨርቅ አጽዱ፤ መስታወቱን ከውስጥም ጭምር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የተቃጠለ አምፑል ይዛችሁ አትነሱ፤ አንድ ዓይና መኪና ሰው ያታልላል። ከፊት መኪና ሲመጣ መብራታችሁን ቀንሱ። እሱ ባይቀንስ አትበቀሉት፤ ፍጥነት ቀንሳችሁ የቀኙን ጠርዝ እዩ። መብራታችሁ በሚያሳያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ሂዱ።

መኪና ሲበላሽ ቅጠል መጣል የአባቶች ዘዴ ነው፣ አትተዉት፤ ግን ቅጠል አያብለጨልጭም። ትሪያንግሉን ከመኪናው በደንብ አርቃችሁ አስቀምጡ። ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይ አንስታችሁ ሂዱ። ይሄ ኃጢአት ነው ብሎ የሚሰብክ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። በጭነት መኪናው ጀርባና ጎን፣ በባጃጁ፣ በጋሪው ላይ አንጸባራቂ ፕላስተር ለጥፉ። ከ100 ሜትር በላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከአንድ ጎማ ጋር አይወዳደርም።

ተሳፋሪዎች፣ ሾፌሩን አታጣድፉ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ዝም ብሎ የሚጓዝ ዕቃ አይደለም፤ ሁለተኛ ዓይን ነው። ሾፌሩ እንቅልፍ ከመጣበት ቡና ጋብዙት፣ ካልሆነ እደሩ።

እግረኞች፣ መኪናውን ከፊት ለፊት እያያችሁ በግራ ዳር ሂዱ፤ ከኋላ የሚመጣውን አታዩትም። ነጠላችሁን ከላይ ጣል አድርጉት፤ ነጭ ልብስ ከጥቁር ይልቅ ቀድሞ ይታያል። ባትሪ ወይም ስልክ ካላችሁ አብሩ፤ ግን ወደ ሾፌሩ ዓይን ሳይሆን ወደ መሬት ያዙት። በቡድን ስትሄዱ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለውም ሰው ብርሃን ይያዝ። ልጆች ዳሩን አይያዙ፤ ትልቅ ሰው ይያዘው።

የመንገድ ሥራ ኃላፊዎች ደግሞ ይሄን ስሙን። ከሚያበራው ቀለም በፊት ርካሽ ርካሹን ጨርሱልን። ጥምዙ ላይ የበቀለው ሣርና ቅርንጫፍ ይመንጠር። በድልድዩና በገደሉ አፋፍ ያሉ ድንጋዮች ኖራ ይቀቡ። ከተማ መግቢያና ገበያ አካባቢ ለእግረኛ የሚሆን ዳር ይሠራ። በአዲስ አበባ እንኳ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ መብራት ባለበት ከተማ እንዲህ ከሆነ ጨለማው አገር እንዴት ይሁን? አስፋልት ባለበት ዶቃ ያለው ነጭ መስመር፣ መጀመሪያ ጥምዙ ላይ ይሰመር። ሾፌሩ በመስመሩ ተማምኖ እንዳይሮጥ ደግሞ የፍጥነት ወሰኑ አብሮ ይተከል፤ ትራፊክ ፖሊስም ማታ ማታ ብቅ ይበል።

የሚያበራው ቀለም አንድ ቀን ረክሶና ዝናብ ችሎ ይመጣ ይሆናል። ሲመጣ እሰየው እንላለን። እስከዚያው ግን አንድ ጥቅል አንጸባራቂ ፕላስተር የሚለጠፍበት ብዙ መኪና፣ ብዙ ጋሪ፣ ብዙ የተማሪ ቦርሳ አለ።

ወደ መቲ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሂዱ፤ ደኑ ሳይጠገብ ነው የሚታለፈው። ከቴፒ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አትነሱ። ከመሸ እዚያው እደሩ፤ መቲ ነገም እዚያው ናት። ማሩን ጠዋት ግዙ፣ በቀን ብርሃን አይታችሁ።

መልካም መንገድ!